ክርክር፦ የባሕር ዳር እንግዳ ሐይቅ ዳር ይደር ወይስ መሀል ከተማ?

የሽምብጥ ልጅ፦

ጥምቀት እየደረሰ ነው። ዘመድ ወዳጁ «አልጋ የት ልያዝ? ምን ልይ?» እያለ መደወል ጀምሯል። ጉዳዩ የሁላችንም ስለሆነ እዚህ ላምጣው። የኔ፣ የባሕር ዳሩ የሽምብጥ ሰፈር ልጅ፣ አቋም ይህ ነው፦ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ሐይቁን ታክኮ በታጠረ ሆቴል ከሚያድር መሀል ከተማ ቢያድር ይሻላል። ለራሱም፣ ለከተማዋም።

ሐይቅ ዳር የገባ ሰው ቁርሱም ምሳውም ራቱም እዚያው ግቢ ነው። ጀልባው ከዚያው ይነሳል። ጊዮርጊስ አካባቢ ቡና ሳይጠጣ፣ ገበያ ሳይወጣ፣ ዘንባባው ሥር ሳይንሸራሸር ይመለሳል። ሱቁም፣ ባጃጁም፣ ዓሣ ቤቱም ከሱ አንድ ብር አያገኙም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አጥር በአጥር ላይ ሲጨመር ጣና ከኛ እየራቀ ነው። ልጅ ሆነን የዋኘንበት ቦታ ላይ ዛሬ «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ጥበቃ ቆሟል። የባሕር ዳር ሰው ውሃውን ለማየት ማኪያቶ መግዛት ግዴታው ሊሆን አይገባም። እኛ እንግዶቻችንን አጥር ውስጥ እየላክን አጥሩን ስንረግም ብንውል ዋጋ የለውም።

እንግዳ ተቀባይ፦

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እኔ ግን ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ነው የምሠራው፤ የማየውን ልንገርህ። ብዙዎቹ እንግዶቼ እናት አባታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ጉልበታቸው የደከመ እናትን በባጃጅ ጀልባ መነሻ አድርሰህ፣ ደላላ ከቦህ፣ ዋጋ ስትከራከር ፀሐይ ላይ ታቆማቸዋለህ? እኛ ጋ ከክፍላቸው ወጥተው ዛፍ ሥር ቁጭ ይላሉ። ጀልባው ይመጣላቸዋል።

ጣና ደግሞ የጠዋት ሐይቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ማዕበሉ ጀልባ ያንገላታል። ወደ ሐይቁ ገባ ያለው የገዳማት ምድር ዘጌ ደርሶ ለመመለስ በማለዳ መነሳት የግድ ነው። ውሃው አጠገብ ያደረ ሰው አይቸገርም።

ዛፉንስ ማን ያቆየው ይመስልሃል? ግቢያችን ውስጥ ያለው ዋርካ ባይታጠር ኖሮ ማገዶ ሆኖ ነበር። ሌላም አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ የተነሳው ጦርነት እንግዳውን አራቀው። ስንት ባልደረባዬ ሥራ ፈቶ ቤቱ ገባ። ዛሬ አንድ ሰው አልጋ ሲይዝ አስተናጋጁም፣ አትክልተኛውም፣ ዓሣ አጥማጁም እንጀራ ያገኛል። በዚህ ጊዜ «እዚያ አትደሩ» ማለት ያሳዝነኛል።

የሽምብጥ ልጅ፦

እህቴ፣ የእናቶቹን ነገር ተቀብያለሁ። አቅመ ደካማ የያዘ ሰው እናንተ ጋ ይደር። ግን ዛፍ ለመጠበቅ ሰው መከልከል የለበትም። ሐይቁ ዳር ያለው ማንጎ ፓርክ ሕዝብ ይገባል፤ ዛፉም አለ።

የከተማው አስጎብኚ፦

እኔ በሥራዬ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ። ከሽምብጡ ልጅ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ይለያል። ሐይቅ ዳር ያደረ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሐይቁን ብቻ ነው። መሀል ከተማ ያደረ ግን ለሁሉም እኩል ቅርብ ነው። ደግሞ የቆየ ፔንሲዮን ንጹሕ አልጋ ይሰጣል፤ ዋጋውም አይጎዳም። አልጋ ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃ ሲጠፋ ታንከር አለ ወይ? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር አለ ወይ? አጎበር አለ ወይ? አጎበሩን አትናቁት። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ትንኙ ይብሳል።

ምን ይታይ ለሚለው፣ ከሁለት ሌሊት ያነሰ አትምጡ። በመጀመሪያው ጠዋት ዘጌ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳትቸኩሉ እዩ። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ሰው ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እኔ የምለው አንዱ ግድግዳ ፊት ቁሙና ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። መሪጌታ ካገኛችሁ ጠይቁ፤ እያንዳንዱን ታሪክ ይነግሯችኋል። አንዱ ግድግዳ ብቻ ጠዋቱን ይጨርሰዋል።

እህቶቼ ደግሞ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ይህን የማይናገር ደላላ አለ። ሴቶች ከፍለው፣ ሐይቁን አቋርጠው፣ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ወንዶቹን ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ያሳፍራል። ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያምና የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በግንቦት 2016 የተከፈተውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ፤ 380 ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ከላይ ይታያል። እድል ከቀናችሁ ጉማሬም አለ።

በማግሥቱ ጢስ ዓባይ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ እንግዳ አትዋሹ። ፏፏቴው ሞልቶ የሚጮኸው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫው ይጠለፋል። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል፤ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለው እሱ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ የመጣ ሰው ከ40 ሜትር በላይ የሆነ ገደልና ቀጭን ውሃ ነው የሚያየው። ቢሆንም በመንገዱ ላይ በ1600ዎቹ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። እሱ ክረምት ከበጋ አይልም።

የዘጌ ሰው፦

እናንተ ስለ አልጋ ትከራከራላችሁ። ገዳሙና ደኑ ግን ያለው እኛ ጋ ነው። እንግዳው ጠዋት ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለምሳ ከተማ ይመለሳል። ሐይቅ ዳር አደረ፣ መሀል ከተማ አደረ፣ ለኛ ያው ነው።

ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። አባቶቻችን ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በበሬ አትረሱ፣ ከብት አታርቡ ብለው ቃል አስገብተውናል ይላሉ። የምንኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ደኑም እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ስለ ዛፍ ጥበቃ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ እኛን ይይ።

ከሰዓት በኋላ ቢቆዩ ምን እንደሚያዩ ልንገራችሁ። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን፣ የሐይቁን ቄጠማ መሰል ተክል፣ ይደራርብና በጉልበቱ እየተጫነ በገመድ ጠፍሮ ያስረዋል። ከጊዜ በኋላ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ያን ጊዜ ታንኳውን ዳር አውጥቶ ዛፍ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። ውሃው ከታች ሲንጠባጠብ ሕፃናቱ ሥሩ ይጫወታሉ። ይህን ያየ እንግዳ ጥቂት ነው፤ ጀልባው ስለሚጠራው።

እኔ የምለው እዚህ አንድ ሌሊት ይደር። ቤቱን በሆቴል ደረጃ ባናደርሰውም ንጹሕ እናደርጋለን። ጀልባም ስትከራዩ መንገድ ላይ ከሚይዛችሁ ደላላ ሳይሆን ከጀልባ ማኅበሩ ተከራዩ። ባለፈው ዓመት የራሴን እንግዶች አንድ ደላላ በእጥፍ አስከፍሎ አምጥቶልኛል። ለቡና መግዣ ያሰቡት ብር እዚያ ቀረ።

ከደብረ ማርቆስ፦

ጎጃም ማለት ባሕር ዳር ብቻ ሆነ ወይ? በየብስ የሚመጣው እንግዳ የዓባይን በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ፣ ማርቆስ ላይ ሽንቱን ሸንቶ ይሄዳል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት እዚህ ነው። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። መርጡለ ማርያም ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የእቴጌ እሌኒ ሥራ ነው። ዓባይን ከምንጩ ማየት የፈለገም ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ይሂድ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ከሁለቱ ሌሊት አንዱን ለኛ ስጡን።

እንግዳ ተቀባይ፦

አያ ዘጌ፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል። ለኔ እንግዶች ከዛሬ ጀምሮ የምነግራቸው «ለምሳ አትመለሱ፣ እዚያው ብሉ» ብዬ ነው። ቡናውንም ከዘጌ ሰው እጅ እንዲገዙ እነግራቸዋለሁ።

የአስጎብኚው የአጎበርና የሴቶቹ ነገር ትክክል ነው። የመሀል ከተማውን ጉዳይ ግን አሁንም አልቀበልም። ሆቴላችን ባዶ ሲውል ሠራተኛ ይቀነሳል። የሚቀነሱት የሽምብጥ ልጆች ናቸው።

የሽምብጥ ልጅ፦

እንግዲያውስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አጥሩ ይፍረስ አላልኩም። ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ሰው የሚሄድበት ይተው ነው የምለው። ከጀልባ መነሻው ተነስቶ ሆቴል ሳይል ግቢ ሳይል ዳር ዳሩን የሚሄድ መንገድ። ይህ ቢሆን እኔ ራሴ እንግዶቼን እናንተ ጋ አሳድራለሁ። አለቆችሽ ይቀበሉታል?

እንግዳ ተቀባይ፦

ሌሊት ክፍት ይሁን ካልክ አይቀበሉም፤ የእንግዳ ደኅንነት አለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ቢባል ግን እኔም እደግፋለሁ፣ ስብሰባ ላይም እናገራለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ለሁሉም ሆቴል እኩል ያዝዝ እንጂ አንዱ ከፍቶ ሌላው ቢዘጋ መንገዱ መሀል ላይ ይቆረጣል። ማመልከቻውን ጻፉት፤ እፈርምበታለሁ።