ሁለት ዓመት እንደ ጭርት የቀባሁት እግሬ

ፀጉር ቆራጩ፣ ኮምቦልቻ

እንደምን ዋላችሁ። 23 ዓመት ቆሜ ፀጉር ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ 52። ከግራ ቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ያሳክከኝ ጀመር። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ መስመር ጎድጉዶ ይቀራል፤ ጠዋት ግን እብጠቱ የለም። እያደር ቆዳው የቡና አተላ መሰለ፣ ተሰነጣጠቀ፣ አሁን ውሃ የመሰለ ነገር ያዣል። ቀኙም ጀምሮታል።

«ጭርት ነው» ተብዬ ሁለት ዓመት የፈንገስ ቅባት ቀባሁ። አክስቴ ደግሞ ፌጦ በሎሚ አሽታ አሰረችብኝ፤ ያችን ሌሊት አላህ ነው ያነጋት።

ግራ የገባኝ ግን ይሄ ነው። ባለፈው ለለቅሶ ደሴ ወጥቼ አራት ቀን ፍራሽ ላይ እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ ማሳከኩ ጋብ አለ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። የኮምቦልቻ ሙቀት ነው ወይስ ውሃው?

ነርሷ፣ ሐይቅ

አብሽር ጋሼ። መልሱን ራስዎ ተናግረውታል፤ የፈወሰዎ ፍራሹ ነው። ሙቀቱም የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ እጁ አለበት፣ ውሃውን ግን ነፃ ያውጡት።

ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ። የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው፤ ሰው ሲራመድ ይጨምቃቸዋል። ባሉበት ቆሞ መዋል ግን ባትን ሥራ ያስፈታዋል። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ይከማቻል፣ ግፊቱ ፈሳሽና ቀይ የደም ሴል ወደ ቆዳ ያሾልካል። ቡናማው ቀለም ከዚያ ደም የቀረ ብረት ነው። ቆዳው የሚቆጣውም በዚሁ ነው፤ ለዚህ የፈንገስ ቅባት ምን ያድርግ?

ሆስፒታል ሄደው ልብዎን፣ ኩላሊትዎንና ስኳርዎን ይታዩ። የደም ግፊት ኪኒን ካለዎት ስሙን ይንገሯቸው፤ አምሎዲፒን ራሱ እግር ያሳብጣል። ለዚህ ሕመም የሚታዘዘውን፣ እግርን አጥብቆ የሚይዘውን ካልሲ ከማጥለቅዎ በፊት የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊትዎ ተለክቶ ይነጻጸር። ወደ እግር የሚወርደው ደም ካነሰ ማጥበቅ ጉዳት ነው። አንድ እግር በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትኩሳት መጥቶ ቆዳው ከጋለ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ከወልድያ

ይሄ የዝሆን እግር አይደለም? ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ልክ እንዲህ።

ነርሷ፣ ሐይቅ

በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ከጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። የእሳቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው የተነሳው። ቢሆንም ሐኪም ይለየው።

ቡና ሻጯ፣ መርሳ

እኔም አለብኝ፣ ስድስት ዓመቴ። ሽታ ያለው ሳሙናና አንቲባዮቲክ ያለበት ቅባት ከቁስሉ በላይ አቃጥለውኛል፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ቶሎ ይቆጣል። ለብ ባለ ውሃ ታጥቤ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ነው የምቀባ። ሲብስብኝ ሐኪም ያዘዘልኝን የስቴሮይድ ቅባት ለጥቂት ቀን፣ ከዚያ አቆማለሁ።

ካልሲው ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ነው የሚጠለቅ፤ ካበጠ በኋላማ ትግል ነው። የእኔ ጣቱ ክፍት ነውና መጀመሪያ እግሬን ፌስታል አልብሼ ካልሲውን በላዩ አንሸራትታለሁ፣ ከዚያ ፌስታሉን በጣቴ በኩል እስበዋለሁ። ባሌ እስካሁን ይስቅብኛል።

ፀጉር ቆራጩ፣ ኮምቦልቻ

ስድስት ሳምንት ሆነኝ፣ ልመልስላችሁ ብዬ። ግፊቱ ተለካ፤ የሚወርደው ደም ደህና ነው ተባለ። ማዣቱ እስኪቆም በፋሻ ጠቀለሉኝ፣ ከዚያ የማጥበቅ ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚል ካልሲ ታዘዘልኝ። ዋጋው የአስር ሰው ፀጉር አስቆረጠኝ! ማታ ማታ እግሬ ከልቤ ከፍ እንዲል ትራስ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ካልጋው ግርጌም ጡብ አስገባሁበት፣ ባለቤቴ ወደ ራስጌ እየተንሸራተተች ተቸግራለች። በአንድ ደንበኛና በሌላው መሀል ተረከዜን እያነሳሁ እጥላለሁ፤ ልጆቹ ዳንስ ጀመረ ይላሉ።

ማሳከኩ ሄዷል፣ ቁስሉም ደርቋል። ጥቁረቱ ግን እንዳለ ነው፤ ሲስተር፣ እሱስ ይለቃል?

ነርሷ፣ ሐይቅ

ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ ጨርሶ መልቀቁን አይጠብቁ። ካልሲውን ግን ዳነ ብለው እንዳያወልቁ። በሮቹ እንደላሉ ናቸው።