የጥንት አባቶችን ጽሑፍ በትርጉም ለማንበብ ከየቱ ልጀምር?

ጣና ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ላስቸግራችሁ ነው። ከሐዋርያት ቀጥሎ የነበሩት ክርስቲያኖች የጻፉትን ማንበብ እፈልጋለሁ። ስለ እነሱ የተጻፈውን አይደለም፣ ራሳቸው የጻፉትን። ስብከት ላይ «ሊቁ እንዲህ ይላል» ሲባል እሰማለሁ፤ የት ነው ያለው፣ ለማን ነው ያለው፣ ከዚያ ቀጥሎስ ምን አለ ብዬ ስጠይቅ ግን «እሱን እንግዲህ ሊቃውንቱ ያውቃሉ» ነው መልሱ።

ግእዝ አልችልም። ግሪክና ላቲንማ አይታሰብም። አማርኛ ካለ አማርኛውን፣ ከሌለ እንግሊዝኛውን እየተንገዳገድኩም ቢሆን እወጣዋለሁ። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ የማነበው ማታ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ መንፈሳዊ መጻሕፍት የሚሸጥ ልጅ ጠይቄ ሃይማኖተ አበውን አወጣልኝ። ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ነው፣ ክብደቱ ራሱ ያስፈራል። ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሳየው ሁሉም ከማላውቀው ሰው ጋር ሲከራከር አገኘሁትና መለስኩለት። በስልኬ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትርጉም ስብስብ አውርጃለሁ፣ 10 ቅጽ ነው። ዝም ብዬ ከአንደኛው ቅጽ ከመጀመሪያው ገጽ ልጀምረው ወይስ ሌላ ቅደም ተከተል አለው?

«ሁሉም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር እንደመራሽ» እንዳትሉኝ አደራ። ሦስት አራት ስም ስጡኝና ለምን እንደሆነ ንገሩኝ።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦

እህቴ፣ ሃይማኖተ አበውን መመለስሽ ደግ አደረግሽ። ጊዜው ይደርሳል። መጻሕፍት ቤት ብትገቢም ማንም ከሊቃውንት አያስጀምርሽም። ብሉይ አለ፣ ሐዲስ አለ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ከዚያ በኋላ ናቸው። ሃይማኖተ አበው ደግሞ የሊቃውንት ጉባኤ መጽሐፍ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ስብስብ ነው፤ አትናቴዎስ፣ ባስልዮስ፣ ቄርሎስና ሌሎችም ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ የተናገሩት እየተቆረጠ የገባበት። አርዮስ ምን ብሎ ነበር፣ ንስጥሮስስ፣ በ325 ኒቅያ ላይ፣ በ431 ኤፌሶን ላይ ምን ተባለ የሚለውን ሳያውቁ ሲገቡበት ጸብ መሐል እንደ መግባት ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብሽ።)

እኔ ብሆን በዲዳኬ አስጀምርሽ ነበር። «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» የሚባለው ነው። 16 አጫጭር ምዕራፍ ናት፣ በአንድ ማታ ታልቃለች። ለዘመናት ጠፍታ ኖራ በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ በ1056 በተጻፈ ብራና ላይ ተገኘች፣ በ1883 ታተመች። የመጀመሪያው ቃል «ሁለት መንገዶች አሉ፣ አንዱ የሕይወት አንዱ የሞት» የሚል ነው። ዝቅ ስትይ እናትሽ ቤት የገባሽ ይመስልሻል። ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ትላለች። አባታችን ሆይን በቀን ሦስት ጊዜ ጸልዩ ትላለች። በሚፈስ ውኃ አጥምቁ፣ ከሌለ በሌላ ውኃ፣ ቀዝቃዛ ካልተቻለ በሙቅ፣ ሁለቱም ከጠፋ ራሱ ላይ ሦስት ጊዜ አፍስሱ ትላለች። ከሁሉ እኔን የሚያስቀኝ ስለ ተዘዋዋሪ ሰባኪ የምትለው ነው፦ ሲመጣ ተቀበሉት፣ አንድ ቀን ይደር፣ ካስፈለገም ሁለት፣ ሦስት ቀን ከተቀመጠ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ገንዘብ ከጠየቀም ሐሰተኛ ነው። ይቺን ምዕራፍ አትሞ በየአዳራሹ በር የሚለጥፍ ጠፋ እንጂ!

ቀጥሎ ዮስጢኖስ ሰማዕት። በ155 ገደማ ለሮም ንጉሥ የጻፈው የመጀመሪያው መከላከያ፣ ማለትም ክርስቲያኖችን ከክስ የሚከላከልበት ጽሑፍ ነው። ሙሉውን ማንበብ የለብሽም፣ ከምዕራፍ 65 እስከ 67 ብቻ። እሑድ ከከተማም ከገጠርም አንድ ላይ ይሰበሰባሉ፣ የሐዋርያትና የነቢያት መጽሐፍ ይነበባል፣ አለቃው ያስተምራል፣ ተነሥተው ይጸልያሉ፣ ኅብስትና ወይን ከውኃ ጋር ይቀርባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ዲያቆናት ላልመጡት ይወስዳሉ። ነገ ጠዋት ቅዳሴ ስትቆሚ የምታዪው እኮ ነው። ከዚያ ወደ ቅዳሴ ሐዋርያት ተመለሺ። መሠረቱ በአቡሊዲስ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ ሥርዓት ውስጥ ያለው ጸሎት ነው፣ ያ ሥርዓትም ሲኖዶስ በሚባለው በእኛው የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ አለ። የምታውቂውን ይዘሽ ወደማታውቂው መሄድ ማለት ይሄ ነው።

ፔዳ ግቢ፦

መምህር ጥሩ ብለዋል፣ ግን ሥርዓት ሥርዓት ብቻ ከሆነ እህታችን በሁለተኛው ማታ እንቅልፍ ይወስዳታል። 😄 እኔ በሰው ጀምሪ ነው የምለው።

ለምሳሌ ጰርጴቱዋ። በ203 ሰሜን አፍሪካ፣ ካርታጎ ውስጥ የተገደለች፣ ዕድሜዋ 22 ገደማ፣ የሚጠባ ልጅ ያላት ወጣት ናት። የእስር ቤቱን ክፍል ራሷ ነች የጻፈችው፣ ከክርስቲያን ሴቶች ብዕር ከተረፉት ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። አባቷ እየመጣ ሽበቴን እዪልኝ፣ ለልጅሽ እዘኚ እያለ ይለምናታል። እሷ እዚያ የተቀመጠ ማሰሮ ታሳየዋለች። ይሄን ከማሰሮነቱ ሌላ ስም ልትሰጠው ትችላለህ? አይ ይላል። እንግዲያው እኔም ከሆንኩት ሌላ ነኝ ልል አልችልም፣ ክርስቲያን ነኝ። እስር ቤቱ ጨለማ ነው፣ ሰው ተፋፍጓል፣ እሷን የሚያስጨንቃት ግን ልጇ ነው። አብሯት እንዲሆን ሲፈቀድላት እስር ቤቱ ቤተ መንግሥት ሆነልኝ ትላለች። ይህን ሳነብ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ሁሉም ተኝቶ ነበር፣ በስልክ ባትሪ ነው የጨረስኩት።

ከዚያ ፖሊካርጶስ። ሰምርኔስ ስታዲየም ውስጥ ሊያቃጥሉት ሲሉ ክርስቶስን ስደብና እንልቀቅህ ይሉታል። «86 ዓመት አገልግየዋለሁ፣ ምንም አልበደለኝም፣ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ» አላቸው። አጭር ነው፣ አንድ ቁጭታ። ከዚያ የአንጾኪያው አግናጥዮስ፣ በ10 ወታደሮች ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ በመንገድ ሰባት ደብዳቤ ጻፈ። ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን አስቀድሚ፣ እንዳታስጥሉኝ ብሎ የሚለምንበትን።

አሁን ስለ 10ሩ ቅጽ። በጭራሽ ከአንደኛው ገጽ አትጀምሪ! አንደኛው ቅጽ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ነገር አለ፣ ግን አብሮት ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ በመናፍቃን ላይ የጻፈው አለ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ግኖስቲኮች (በስውር እውቀት እንድናለን የሚሉ መናፍቃን) 30 የሚሏቸውን መናፍስት አንድ በአንድ በመቁጠር ነው፣ እዚያ ላይ ስንቱ ሰው ተስፋ እንደቆረጠ። ዲዳኬ ያለችው 7ኛው ቅጽ ላይ ነው። ጰርጴቱዋ 3ኛው ላይ ናት። ሌላም ጥንቃቄ፦ የአግናጥዮስን ደብዳቤዎች አጭሩንና ረጅሙን ጎን ለጎን አትመዋቸዋል። አጭሩን አንብቢ፣ ረጅሙ በኋላ ሰው የጨመረበት ነው። ከእነሱ ቀጥሎ በስሙ የተጻፉ የሐሰት ደብዳቤዎችም አሉ፣ እለፊያቸው። እንግሊዝኛውም የድሮ ስለሆነ ሲጎረብጥሽ በስንፍናሽ አይደለም፣ አዳዲስ ትርጉሞች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካወቅሽ ከቤተ መጻሕፍት እንዲፈልግልሽ ላኪው።

የዜጌ ልጅ፦

ሁላችሁም ሮምና ካርታጎ ትዞራላችሁ፣ ደጃችሁን ግን አታዩም።

ሄርማን ያነሣ የለም? ኖላዊ የሚባለው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ባሪያ የነበረ ሰው ያየው ራእይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በአሮጊት መልክ ትታየውና እያደር ወጣት ትሆናለች። ግሪኩ መጨረሻው ጎድሎ ሲገኝ ግእዙ ጠብቆታል። አንቷን ዳባዲ የሚባለው ተጓዥ ትግራይ ጉንዳ ጉንዴ ገዳም ካገኘው ብራና ነው በ1860 ያሳተመው። የሐዋርያት መልእክት የሚባለው የ2ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍማ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ፈረንጅ የጥንቱን ሲፈልግ እኛ ጋ ይመጣል፣ እኛ የእሱን ፒዲኤፍ እናወርዳለን።

ደግሞ አትናቴዎስ። አባ ሰላማን፣ ፍሬምናጦስን፣ የሾመልን እሱ አይደል? ለንጉሥ ቆስጣንዮስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ንጉሡ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ ቃል በቃል ገብቷል፣ ፍሬምናጦስን መልሳችሁ ላኩት፣ እስክንድርያ ይመርመር የሚል። አርዮሳዊው ንጉሥ የእኛን ጳጳስ ሊያስቀይር ሲሞክር! ይህን በታሪክ መጽሐፍ ተጨምቆ ከመስማት ምንጩን ማየት አይሻልም? ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈውም አለ፣ 57 አጫጭር ምዕራፍ ነው፣ ይገባል።

ቀለል ያለ ካልሽ ዜና አበው። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ታሪክ ነው፣ አንዳንዱ አራት መስመር ነው፣ ጀልባ እስኪሞላ ትጨርሽዋለሽ።

አባይ ማዶ፦

የአዳራሹ በር ደርሶናል መምህር፣ እንለጥፋለን። 😂 እኔ ወንጌላዊ ነኝ፣ ምዕራፏን አነበብኳት፣ እውነቷን ነው፣ አንዳንድ «ነቢይ» ቢያነባት ይጠቅመው ነበር።

ለእህቴ ግን የአውግስጢኖስን ኑዛዜ ሳልጠቁም አላልፍም። በ397 እና በ400 መካከል ገደማ የተጻፈ ነው፣ ጥንት ከተባለው ትንሽ ዘግየት ይላል። ግን ሌሎቹ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲጽፉ ይሄ ስለ ራሱ ነው የሚጽፈው። በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር የሰው ፒር ሰርቆ፣ ያውም ርቦት ሳይሆን መስረቁ ስለጣመው፣ ፍሬውን ለአሳማ ወርውሮ፣ ከዚያ ለምን አደረግሁት ብሎ ምዕራፍ ሙሉ ራሱን ሲመረምር ታገኚዋለሽ። እናቱ ሞኒካ ከኋላው እያለቀሰች ባሕር ተሻግራ ትከተለዋለች፣ የሀበሻ እናት ናት በቃ። 13 መጽሐፍ አለው፣ ታሪኩ 9ኛው ላይ ያልቃል። ከ10 በኋላ ስለ ትውስታ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ዘፍጥረት ነው። መጀመሪያ ላይ 9ኛው ላይ አቁሚ፣ ማንም አይቀጣሽም።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦

አውግስጢኖስ እኛ ጉባኤ ላይ ብዙም አይነሣም፣ ቢሆንም የሚነበብ ነው፣ አልከለክልም። ግን ኋላ ይሁን። ከጥንቶቹ ቀድሞ ከተነበበ ሁሉንም በእሱ መነጽር ማየት ይመጣል።

የዜጌው ወንድሜ፣ ስለ ግእዙ ያልከው ልክ ነው፣ ግን የጠየቀችው በትርጉም የሚነበበውን ነው። ሄርማ ረጅም ነው፣ ራእዩ ላይ ራእይ ይደራረባል፣ ለጀማሪ አላዝዘውም። ዜና አበው ላይ ግን ተስማምቻለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ቀሌምንጦስ የሚባል መጽሐፍ በሰማንያ አሐዱ ቁጥር ውስጥ አለን። የሮሙ ቀሌምንጦስ በ96 ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። አንዱን ፈልገሽ ሌላውን ገዝተሽ እንዳትመለሺ፣ ሻጩም አይለየውም።

ጣና ዳር፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ዲዳኬን ትናንት ማታ ጨረስኳት። ረቡዕና ዓርብ የሚለው ላይ ስደርስ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አገኘሽ» አለችኝ። 😅

ጰርጴቱዋን ዛሬ ጀምሬያለሁ። ከሁሉ ቀድሞ የሳበኝ እውነቱን ለመናገር ሴት መሆኗ ነው። ክብራን ገብርኤል ያለውን ብራና ሴት ስለሆንኩ ገብቼ አላየውም፣ ሥርዓቱ ነው፣ አልከራከርም፣ እንጦስ ኢየሱስ ድረስ ሄጄ ከውኃው ማዶ ማየት ነው የኔ ድርሻ። የ1800 ዓመት የሴት ጽሑፍ ስልኬ ውስጥ ገብቶ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። አባቷ ጋ ስደርስ ማቆም አልቻልኩም። ደግሞ እሱን ክፉ አላደረገችውም፣ ታዝንለታለች።

ስለዚህ ዲዳኬ፣ ጰርጴቱዋ፣ ፖሊካርጶስ፣ አጭሩ አግናጥዮስ፣ ከዚያ የኢዛናን ደብዳቤ። አባይ ማዶ፣ ያንተንም ይዣለሁ፣ ለክረምት።

የድሮ ቆሎ ተማሪን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛውን ቅጽ ስገልጥ የቀሌምንጦስ ደብዳቤ ነው መጀመሪያ ያለው፣ ዓይኔን ጣል ሳደርግ ስለ ፎኒክስ ወፍ ይተርካል። ሞቶ ስለሚነሣው ወፍ። ይሄ ከምር የእሱ ነው ወይስ ይሄም ሰው የጨመረበት?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦

የእሱ ነው፣ ምዕራፍ 25። ወፉ ዐረብ አገር አለ፣ 500 ዓመት ይኖራል፣ ሲሞት ከሥጋው ትል ይወጣና አድጎ አዲስ ወፍ ይሆናል ይላል። በዘመኑ የግሪክና የሮም ጸሐፊዎችም ይተርኩት ነበር፣ እሱ ለትንሣኤ ምሳሌ አድርጎ አመጣው። እኛ ጋም ፊሳልጎስ የሚባለው ጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ውስጥ ይኸው ወፍ አለ። ወፉን እለፊው፣ ደብዳቤውን ግን አትዝለይ። ቆሮንቶሶች ሽማግሌዎቻቸውን አውርደው ተጣልተው ነው የጻፈላቸው፣ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ተቀምጠሽ የምታውቂ ከሆነ ምን ለማለት እንደፈለገ ወዲያው ይገባሻል።

የዜጌ ልጅ፦

የሰበካ ጉባኤው ነገር ይቅር መምህር። 🙈 ጣና ዳር፣ ዜና አበውን ሳላስረክብሽ አልቀርም፣ አንድ ትርፍ ቅጂ አለኝ። ቅዳሜ በጀልባ ስመጣ ጊዮርጊስ ያለው መጽሐፍ ሻጭ ጋ አስቀምጥልሻለሁ፣ ስትጨርሺ ለሌላ ስጪው።