ሦስት ቋንቋ በሚነገርባት ትንሽ አገር ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በየትኛው ቋንቋ ይሠራል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ለሥራ ወደ ባቲና ወደ ከሚሴ እመላለሳለሁ። ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ በአንዲት ፍየል ዋጋ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይፈራረቃሉ፤ ቋንቋ ተቀየረ ብሎ ልብ የሚልም የለም። ሬዲዮ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ሰዓት፣ አንዳንዴም የራሱ ጣቢያ ስላለው፣ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማው ይቀራል። ባለፈው ክረምት የእንስሳት ክትባት የሚሰጥበት ቀን በአማርኛ ብቻ በመነገሩ፣ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ፍየሎቻቸውን እየነዱ የደረሱት ክትባቱ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነበር። በቅርቡ ስለ ሉክሰምበርግ ሳነብ ስፋቷ 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሆነ፣ ማለትም ደቡብ ወሎ ብቻውን ከስድስት እጥፍ በላይ እንደሚበልጣት፣ ይሁንና በሦስት ቋንቋዎች እንደምትሠራ ተረዳሁ። አንዱን ዜና ሦስት ጊዜ እየተረጎሙት ነው ወይስ ሌላ ዘዴ አላቸው? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦
እዚያ አገር ሁለት ዓመት ተምሬያለሁና ያየሁትን ልንገርዎ። አንዱን ዜና ሦስት ጊዜ አይተረጉሙትም። ከ1848 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሚታተመው ሉክሰምበርገር ቮርት በአመዛኙ በጀርመንኛ የሚጻፍ ጋዜጣ ነው፤ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ሲኖርም ያለ ትርጉም ከጀርመንኛው ጎን ይወጣል፤ የሐዘን ማስታወቂያውን ደግሞ ሐዘንተኛው ቤተሰብ በመረጠው ቋንቋ ያወጣል። ቤት ያከራዩኝ እናት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው መጀመሪያ የሚገልጡት ይህንኑ የሐዘን ገጽ ነበር፤ ከጀርመንኛው ወደ ፈረንሳይኛው ሲሻገሩም ዓይናቸው ለአፍታ እንኳ አይቆምም ነበር። ምክንያቱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ የአገሬው ልጆች ቤታቸው ሉክሰምበርግኛ እየተናገሩ ያድጉና ለብዙ ዘመን በተሠራበት ሥርዓት ፊደል የሚቆጥሩት በጀርመንኛ ነው፣ ፈረንሳይኛው ቀጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ጋዜጠኛው ሚኒስትሩን በሉክሰምበርግኛ አነጋግሮ ሲያበቃ ቃለ ምልልሱን በጀርመንኛ ያትመዋል፤ በሬዲዮ ከሆነ ግን እንደተነገረው ይተላለፋል። በጥቅሉ የሚነገረው በቤት ቋንቋ፣ የሚጻፈው በትምህርት ቤት ቋንቋ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከጥንት የነበረ እንዳይመስልዎ። የሉክሰምበርግ ሬዲዮ ከ1933 ጀምሮ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ለባዕድ አገር አድማጭ ሙዚቃና ማስታወቂያ ሲያሰማ ኖሮ፣ የአገሬው ቋንቋ መደበኛ ስርጭት ያገኘው በ1959 ነው። ቴሌቪዥኑም በ1955 በፈረንሳይኛ ተጀመረ፤ ሉክሰምበርግኛ በ1969 በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ገባና ዕለታዊ ዝግጅት የሆነው በ1991 ነው። ገንዘቡን በተመለከተ፣ መንግሥት ከ1976 ጀምሮ ጋዜጦችን በሕግ ይደጉማል፤ ድጎማው ቀድሞ በገጽ ብዛት ይሰላ ነበር፤ በ2021 በወጣው ሕግ ግን በጋዜጠኛ ቁጥር እንዲሆን ተደርጓል። ገጽ ይቆጠር በነበረበት ዘመን ስንቱ ገጽ በማይረባ ነገር እንደተሞላ መገመት አያስቸግርም።

ሚሌ መንገድ (ባቲ)፦
ጦሳ ግርጌ ያስረዱን መልካም ነው፤ ነገር ግን እነርሱ ሦስት ቋንቋ ያነባሉ፣ እኛ ደግሞ ሦስት ቋንቋ እንናገራለን። እኔ አፋርኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ በአፋርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ቢሰጡኝ ግን መጨረሴን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው ሬዲዮ ይመስለኛል፤ ሬዲዮውም የሕዝቡን የዜና ልማድ ቢያጠና አይጎዳም። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹና ስለ ሰላሙ ይጠያየቃሉ፤ ነጋሪው ያየውን እንዳየው፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ለይቶ ይናገራል። ያልሆነ ወሬ የተናገረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምነው አያገኝም። የባቲ ነጋዴ የበረሃውን መንገድ ሁኔታ የሚያውቀው ዛሬም ከሬዲዮ ቀድሞ በዳጉ ነው። የእርስዎም አዛውንት የክትባቱን ቀን በዳጉ ቢሰሙ ኖሮ ሦስት ቀን ባልዘገዩ ነበር።

ጨፋ ሜዳ (ከሚሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጦሳ ግርጌ የነገሩን የተደባለቀ ገጽ እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለበት፤ እርሱም ፊደሉ ነው። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ የሚጻፉት በአንድ የላቲን ፊደል ነው፤ በእኛ በኩል ግን አማርኛው በግዕዝ፣ ኦሮምኛው በቁቤ ስለሚጻፍ፣ በኦሮምኛ የተማረው ልጄ የሚያነበውን ጋዜጣ እናቴ በጆሮዋ ብቻ ነው የምትረዳው። አባቴ ደግሞ ሁለቱንም ፊደላት ሳይማሩ፣ አማርኛ መንዙማ በዓረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀም ተጽፎ ሲያገኙ ያለ ችግር የሚያነቡ ሰው ነበሩ፤ መዝገብ ላይ ግን «መሃይም» ተብለው ነው የተጻፉት።

ደግሞም ሉክሰምበርግን አብዝተን ባናሞግሳት እወዳለሁ። በዚያ የሚኖሩ በርካታ ፖርቱጋሎች የትምህርት ቤቱን ሦስት ቋንቋዎች እኩል ስለማይዙ፣ ከ1970 ጀምሮ ኮንታክቶ የሚባል የራሳቸው የፖርቱጋልኛ ጋዜጣ ሲያነቡ ኖረዋል። እዚያም ቢሆን ሁሉም ሰው በአንድ ገጽ ላይ አልተገናኘም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦
ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋዜጣውን ትቼዋለሁ። አንድ የማውቀው የሬዲዮ ባልደረባ ስላለ፣ የባቲን ገበያ ዋጋና የክትባት ማስታወቂያዎችን አንድ አቅራቢ በሦስቱም ቋንቋ፣ ልክ እንደ ገበያው እያፈራረቀ፣ በአንድ ሩብ ሰዓት ዝግጅት ቢያቀርብ ምን ይመስላል ብዬ ልጠይቀው አስቤያለሁ። ሰኞ ጠዋት ገበያው ሳይሞቅ ቢተላለፍ ይሻል ይሆን?

ሚሌ መንገድ (ባቲ)፦
ሰኞ ጠዋት አይሆንም፤ በዚያ ሰዓት ሰዉ ከብቱን እየነዳ መንገድ ላይ ነው። ማስታወቂያው እሑድ ማታ ቢነገር ይሻላል፤ የሰማው ሰው ሌሊቱን በመንገድ ለሚያገኘው ሁሉ ያዳርሰዋል።