እናቴ ከመጽሔት ተቆርጣ የተለጠፈች መሰለችብኝ

የጅማው ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። እናቴን ቡና ስትለቅም እየሳልኳት ነው፣ በአክሪሊክ ቀለም፣ 50 በ70 ሴንቲሜትር ሸራ ላይ። ፊቷ ደህና መጥቶልኛል፣ እሷም አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ቅር ቢላትም "እኔው ነኝ" ብላለች። ያስቸገረኝ ኋላዋ ነው። ቡናው፣ ጥላ የሚሆነው ዋንዛ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረብታ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ሆኖ እሷ ብቻዋን ተለጥፋ ቀረች። ቀለሙን ስንቴ እንደደረብኩት አልነግራችሁም። ምን ይሻላል?

ሸራ ወጣሪ፦
ማዘርን ከፎቶ ነው የሳልካቸው አይደል? ፎቶው ፀሐይ ላይ የተነሳ ከሆነ ጉዱ እሱ ነው። ዋንዛ ሥር ብርሃኑ በቅጠል መሀል ሾልኮ ነው የሚወርደው፣ ፊት ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከታች ያለው ቅጠል ደግሞ መልሶ አገጭ ሥርና አንገት ላይ አረንጓዴ ይጥላል። ያቺን ትንሽ አረንጓዴ አንገታቸው ላይ ጣል አድርጋት። ሻሻቸው ነጭ ከሆነም ከቱቦ የወጣ ነጭ እንዳትቀባ። ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ የአካባቢውን ቀለም ይይዛል።

ቡኒ፦
እኔ ደግሞ የቱቦ አረንጓዴህን ደብቀው እላለሁ 😂 አልትራማሪን ሰማያዊና ኦከር ቢጫ ቀላቅል፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሰጥሃል። አሁንም ከጮኸብህ ቀይ ጠብ አድርግበት። ኮረብታው ከራቀ ነጭና ሰማያዊ ጨምርለት፣ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነህ ማዶውን ብታይ እኮ ሩቁ ሁሉ ሰማያዊ ነው። የቡና ቅጠል ደግሞ ያብለጨልጫል፣ ላዩ ላይ ሰማዩ ስለሚያርፍበት ቦታ ቦታው ነጣ ይላል። ጥቁር አትጠቀም፣ አልትራማሪንና በርንት አምበር (ጠቆር ያለው ቡናማ) ብትቀላቅል ይበቃሃል። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም አትርሳ፣ እኔ በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ሸራ አበላሽቻለሁ።

ሸራ ወጣሪ፦
ልክ። ጠርዙንም እየው። ዙሪያቸውን በሙሉ በስለት የተቆረጠ አስመስለኸው ከሆነ ፊትና እጅ ላይ ብቻ ጥርት አድርገው፣ ቀሚሱን ግን ከቡናው ጋር አንዳንድ ቦታ ላይ አዋህደው።

የጅማው ልጅ፦
ጉዴ ወጣ። ፎቶው ግቢያችን በር ላይ በእኩለ ቀን የተነሳ ነው፣ ያውም የበዓል ቀሚሷን ለብሳ። ዛሬ ማሳው ድረስ ወስጄ ዋንዛው ሥር አቆምኳትና አንገቷን እንደገና ሠራሁት። ኮረብታውም ወደ ኋላ ሄደልኝ። እሷ ግን ሸራውን አይታ "አንገቴ ምን ሆኖ ነው የሻገተው?" ብላኛለች።