ድሬዳዋ፦ ባለ 2 ቶን ቦይለር ከውሃ፣ ከእንፋሎትና ከጭስ መስመር ጋር ማገናኘት

ሳቢያን_ፎርማን፦
ሰላም ባለሙያዎች። ለአንድ ምግብ ማቀነባበሪያ በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት የሚሰጥ፣ በናፍጣ የሚሠራ ባለ 10 ባር ቦይለር መሠረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ማገናኘት ብቻ ቀርቷል። ውሃው የጉድጓድ ነው። ባለቤቱ "ሶፍትነሩ (የውሃ ማለስለሻው) ለጊዜው ይቆይ" ይላሉ። የሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚለቀውን) ማስወጫ ከብሎውዳውኑ (ከቦይለሩ ግርጌ ዝቃጭ ያለበት ውሃ ከሚለቀቅበት) ጋር በአንድ ቧንቧ ማውጣት ይቻላል? የጭስ ማውጫውስ ስፋት?

ከዚራ_ቴክኒሻን፦
አቦ፣ ሶፍትነሩ አይቆይም! የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር አሳያቸው። መጀመሪያ ውሃውን አስመርምር። ጠጣርነቱ (ቅርፊት የሚሆነው ማዕድን) በሊትር 400 ሚሊግራም ቢወጣ፣ በ8 ሰዓት 16 ቶን ውሃ ሲገባ 6.4 ኪሎ ቅርፊት ይዞ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም፤ ቱቦው ከልክ በላይ ይግልና ይለመጣል። ለዚህ መጠን 150 ሊትር ሬዚን (ሶፍትነሩ ውስጥ ማዕድኑን የሚይዝ ጥራጥሬ)፣ ሬዚኑን ለአንድ ጊዜ ለማጠብ ደግሞ ከ20 ኪሎ በላይ ጨው ያዝ። የአፋር ጥሬ ጨው ይሠራል፤ ግን ጭቃው እስኪዘቅጥ ሌላ በርሜል ውስጥ አሟሟው፣ አለዚያ ሬዚኑን ይደፍነዋል።

ደቻቱ፦
ሴፍቲ ቫልቭና ብሎውዳውን በፍጹም አይገናኙም። አንዱ ሲተፋ ሌላውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሴፍቲው ቧንቧ ከቫልቩ መውጫ አይጥበብ፣ መሃል ላይ ምንም ቫልቭ አይግባበት፣ ክብደቱን ግድግዳ ይሸከምለት፤ ታችኛው ክርን ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አድርግ።

ብሎውዳውኑ 184 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ስድስተኛው ያህል ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ፕላስቲክ ቧንቧ ወይም የከተማ ፍሳሽ ላይ ከለቀቅከው አለቀልህ። መተንፈሻ ያለው የብረት ታንከር ውስጥ ይግባ፣ ቀዝቅዞ ይውጣ።

በውሃ መግቢያው ለቦይለሩ የሚቀርበው መዝጊያ ቫልቭ ይሁን፣ ቀጥሎ ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ)። ከተገለባበጠ ቼኩን ለመጠገን ቦይለሩን ማቀዝቀዝ ግድ ነው። ቦይለሩን የሚመግበውን የውሃ ታንከር ከፓምፑ 3 ሜትር ከፍ አድርገው፤ እዚህ ውሃ 96 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ፣ 85 ዲግሪ ውሃ ዝቅ ካለ ታንከር ሲሳብ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ይጮሃል።

ጭስ_ለኪ፦
ለጭስ ማውጫው 400 ሚሊሜትር ዲያሜትር ይበቃል። ማውጫው በራሱ እግር ይቁም፣ ቦይለሩ ላይ አይጫን፤ መካከላቸው ላይ የሚለጠጥ መገጣጠሚያ፣ ግርጌው ላይ የጥላሸት መጥረጊያ በር ይኑር። ሰው የሚረሳው በርነሩን (ናፍጣውን የሚያነደውን) ነው፦ ካታሎጉ ላይ ያለው አቅም በባሕር ጠለል የተለካ ነው። በ1,200 ሜትር ከፍታና በ35 ዲግሪ ሙቀት አየሩ በአምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ናፍጣውን ካልቀነስክለት ጥቁር ጭስ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ በርነር ምረጥ። የቦይለሩ ቤት ግርጌ ላይም 0.7 ካሬ ሜትር ያህል ክፍት የአየር መግቢያ ተው፤ በሩን ከፍተን እንሠራለን ማለት አያዋጣም፣ ማታ ይዘጋል።

ሳቢያን_ፎርማን፦
እግዜር ይስጥልኝ። የእንፋሎት መስመሩ 40 ሜትር ነው፤ 80 ሚሊሜትር ቧንቧ ያስኬዳል?

ደቻቱ፦
ያስኬዳል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ነው። ግን ሲሞቅ ከ7 ሳንቲሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሁለቱን ጫፍ አስረህ መሃሉ ላይ የዩ ቅርጽ አውጣለት። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ተዳፋት ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ፣ ጫፉ ላይ ስቲም ትራፕ (እንፋሎቱን ይዞ ውሃውን ብቻ የሚያፈስ)፣ ቅርንጫፍ ሁሉ ከቧንቧው አናት ይነሳ። መጀመሪያ ስትለቅ ዋናውን ቫልቭ በትንሹ ብቻ ክፈት፤ የትራፑ ባይፓስ (የጎን ማለፊያ) ውሃ መትፋት ሲያቆም ቀስ እያልክ ጨምር።