ከድሬዳዋ ዋሽንግተን፦ የእማዬ የመርፌ ሰዓት ግራ አጋባኝ

ይህን መንገድ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። እማዬ ሐምሌ ላይ በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን እህቴ ጋ ትሄዳለች። ከድሬ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እሱ አያሳስብም። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው። ቲኬቱ ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል ይላል። ሲያዩት 10 ሰዓት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ 17 ሰዓት ይመጣል (11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሃል ላይም ለነዳጅ ያርፋል)። እሷ ደግሞ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በእኛ ሰዓት ትቀጥል ወይስ በዚያኛው? ሐኪሟን መጠየቄ አይቀርም፤ በዚህ መስመር ስኳር ያለበት ሰው ያሳፈራችሁ ግን እንዴት አደረጋችሁ? ነዳጅ ሲቀዳስ መንገደኛ ይወርዳል? እግሯ ያብጣል፣ ትንሽ ብትንቀሳቀስ ደስ ይለኛል። መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳዋ ነው የምትይዘው፤ በድሬ ሙቀት በምን ላቀዝቅዘው?