«ግለ ታሪክ» ወይስ «ገድል»? የዳሊት ሴቶች ጽሑፍ በአማርኛ ምን ይባል?

ሰንበሌጥ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ሕንድ ዳሊት ሴቶች፣ ማለትም በካስት (በትውልድ የመደብ) ሥርዓት «የማይነኩ» ተብለው ከተገፉት ወገኖች ስለሆኑ ሴቶች፣ የሕይወት ጽሑፍ የተዘጋጀ ጥናት ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። «የዳሊት ሴት ግለ ታሪክ ‘እኔ’ ባለ ቁጥር ‘እኛ’ ማለቱ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ሆኖም «ግለ» የተባለው «እኛ»ን ወዲያው አፈረሰብኝ። ዳሊቷ ደራሲ ቤቢ ካምብሌ በሕንዱ የማራቲ ቋንቋ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1986 በመጽሐፍ ያሳተሙት ሥራ ርእሱ እንኳ «ጂና አሙቻ»፣ ማለትም «ኑሯችን» ነው። «ግለ ታሪክ» ይለፍ፣ ወይስ የተሻለ ስም አለው?

ደብተራ ነኝ፦ «ግል»ን ያህል የአማርኛ ቃል በግእዝ ዘርፍ አገባብ «ግለ» ማሰኘት ከመጀመሪያውም አይገባም ነበር። እኅቴ፣ «ገድል» ይበሉት። ካምብሌ ከተወለዱበት ከዳሊቶቹ የማሃር ወገን ሆኖ ተወልዶ፣ ጥላው ያረክሳል ተብሎ ከመንገድ ዳር እየተገፋ፣ ያንን ሁሉ በጽሑፍ ማውጣት ተጋድሎ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ቀለም ቀንድ፦ መምህር፣ ገድል እኮ ልደት፣ ተጋድሎ፣ ቃል ኪዳንና ዕረፍት ያለው፣ ባለቤቱ ካረፈ በኋላ ሌላ ሰው የሚጽፈው ነው። ካምብሌ ግን በቁማቸው፣ በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት። በሱቃቸው ዕቃ የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ እያነበቡ ንባብ ያጠነከሩት እኚህ ሴት፣ የጻፉትን ከባላቸው ደብቀው ሃያ ዓመት ያህል አቆይተውታል። የትኛው ጻድቅ ነው ገድሉን ከቤተ ሰቡ የሸሸገው?

ከሃይፋ፦ ሥሩን ከያዝን ሁሉም ይቃለላል። «ዳል» በዕብራይስጥ ድሃ፣ ደካማ ማለት ነው፤ መዝሙረ ዳዊትን በዕብራይስጥ ያነበበ ያውቀዋል። «ዳሊት» ከዚያ ሳይወጣ አይቀርም።

ደብተራ ነኝ፦ ድምፅ ስለተገጣጠመ ዝምድና ከተቆጠረማ የእኛ «ድል»ም የአክስት ልጅ ሊሆን ነው! ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ የተሰነጠቀ፣ የተረገጠ፣ የደቀቀ ማለት ነው። ጋንዲ «ሐሪጃን»፣ ማለትም የእግዚአብሔር ሰዎች ቢሏቸው ብዙዎቹ እንደ ምጽዋት ቆጥረው አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1972 በቦምቤይ የተነሡት ዳሊት ፓንተሮች የተባሉ የዳሊት መብት ታጋዮች «ደቅቀናል፤ ያደቀቀንም አለ» የሚያሰኘውን ስም ከፍ አድርገው ያዙት። በግእዝ ቤት ዕድሜዬን የጨረስሁት እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው።

ቀለም ቀንድ፦ በሳንስክሪቱ አልከራከርዎም። ስለ ቤተ ክህነት ቋንቋ ካነሣን ግን የሌላዋን ዳሊት ደራሲ የባማን ግለ ታሪክ «ካሩኩ»ን ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታሚል ቋንቋ የታተመ ሲሆን ስሙ በሁለት ወገን እንደ መጋዝ የሚቆርጥ የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። ካቶሊክ የሆኑት ደራሲዋ ገዳም ገብተው ሲወጡ የጻፉት ነውና ርእሱን ከዕብራውያን መልእክት «ሁለት አፍ ካለው ሰይፍ» ጋር ያያይዙታል። በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ የሰፈራቸው ሽማግሌ የምግብ ጥቅል በክሩ ብቻ አንጠልጥሎ ሲሄድ አይተው ሳቁ፤ ለወንድማቸው ሲነግሩት እርሱ አልሳቀም። ሽማግሌው ጥቅሉን በእጁ ቢነካ የመሬቱ ጌታ ስለማይበላው ነበር። ልጅቱ ያየችውን ነው የምትናገረው፤ ስለዚህ የግእዙ «ስምዕ» ይሻላል እላለሁ።

ከሃይፋ፦ «ስምዕ» ከተባለ «ሰማዕት» ይመጣል፤ ሰማዕት ደግሞ ሳይሞት አይባልም።

ቀለም ቀንድ፦ ወንድሜ፣ «ስምዐ ሐሰት» የሚሰጥም ሰው በሕይወት አለ። ስምዕ ምስክርነት ነው፤ ሞቱ በኋላ የተጨመረ ነው።

ሰንበሌጥ፦ ይቅርታ፣ «ምስክርነት»ን እኔም አስቤው ነበር፤ የከለከለኝ አንድ ነገር ነው። ካምብሌ የምራቶችን መከራ፣ አፍንጫቸው እስከ መቆረጥ መድረሱን ሳይቀር ጽፈዋል። ባላቸው ይደበድቧቸው እንደ ነበር ግን የተናገሩት በመጽሐፉ ሳይሆን ከእንግሊዝኛ ተርጓሚያቸው ጋር ባደረጉት ቃለ ምልልስ ነው፤ የወገናቸውን ስቃይ ከራሳቸው ስላስቀደሙ። እንግዲህ «እኛ» የካስቱን ግፍ ሲያጋልጥ የቤቱን ግፍ በከፊል ሸፍኗል። የራሱን ቁስል ያልቆጠረ ምስክር ሙሉ ምስክር ይባላል?

ደብተራ ነኝ፦ በፍርድ ቤት ሥርዓት ምስክር የሚናገረው ስለ ሌላው ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገረው ከሳሽ ነው። ስለዚህ ካምብሌ በመጽሐፉ ምስክር፣ በቃለ ምልልሱ ከሳሽ ናቸው።

ቀለም ቀንድ፦ መምህር፣ ከገድል ወደ ችሎት ገቡ እኮ! ባማስ? ገዳሙ ውስጥ በዳሊትነታቸው የደረሰባቸውን በ«እኔ» ነው የሚተርኩት፤ ከሳሽም ምስክርም በአንድ መጽሐፍ።

ደብተራ ነኝ፦ «ከሰሰ» የሚለው ግስ ሥሩ ሌላ ነገር ነው፤ እስቲ እርሱን ላብራራ።